ሁለት ቧንቧዎች፣ አራት ልኬቶች፦ በሱሉልታ የተከታተልነው የአንድ ፅንስ ልብ

ይህ ዘገባ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በአንድ እርግዝና ላይ ያደረግነውን የልብ ክትትል ከነስሕተቱ ያቀርባል። እናትየው የ27 ዓመት ወጣት ስትሆን የምትኖረው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ማዶ በምትገኘው ሱሉልታ ነው። ባለቤቷ ወተት ወደ ከተማ የሚያመላልስ መኪና ይነዳል። እርግዝናው ሁለተኛዋ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ጤነኛ ነው፣ በቤተሰቡ የልብ ሕመም አልነበረም፣ እሷም የስኳር በሽታ የለባትም። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን በዚያው አካባቢ ባለ ክሊኒክ የምሠራ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ነኝ። ጉዳዩን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የጉድለቱ ብርቅነት አይደለም። ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ከልብ ጉድለት ጋር ይወለዳል፤ ይህኛውም ዓይነት፣ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ የሚባለው፣ ከ10,000 ወሊድ ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይገኛል። የጻፍኩት ጉድለቱን ካገኘሁ በኋላ ወዴት እንደሚያመራ ለመናገር ቸኩዬ ስለነበር ነው።

ወደ እኔ የመጣችው ለልብ አልነበረም። በ20ኛው ሳምንት ሌላ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ተነሥታ እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል ስለተባለች፣ ከፍ ማለት አለማለቱን እንድመለከትላት ነበር። ይዛው በመጣችው ወረቀት ላይ «አራቱ የልብ ክፍሎች ታይተዋል፤ ደህና ናቸው» የሚል ተጽፏል። ወረቀቱ ሐሰት አልነበረም። እኔም ያንኑ ገጽታ ሳየው አራቱ ክፍሎች በቦታቸው፣ ሁለቱ የታችኛዎቹም እኩል ነበሩ። ችግሩ የታየኝ ሆዷ ላይ የማንቀሳቅሰውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ፣ ፕሮቡን፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ፅንሱ ራስ በኩል ሳዘነብለው ነው፤ በሁለቱ የታችኛው ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ከላይ ቀዳዳ ነበረው፣ ደምን ከልብ ወደ ሰውነት የሚወስደው ትልቁ ቧንቧ፣ አኦርታውም፣ ያንን ግድግዳ እንደ ፈረሰኛ ግራና ቀኝ አንፈራጥጦ ተቀምጦበታል። ከቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ ከአኦርታው ይልቅ ቀጭን ነው። በጤነኛ ፅንስ ግን የሳንባው ቧንቧ ከአኦርታው በመጠኑ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ይህ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ፣ በሐኪሞች አነጋገር ባጭሩ «ቶፍ» የሚባለው ጉድለት ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ ጉድለቱ በዝርዝር ከጻፈው ፈረንሳዊው ሐኪም አርተር ፋሎ ነው። «ቴትራ» አራት ማለት ቢሆንም በፅንስ ላይ የሚታዩት ሦስቱ ናቸው፤ አራተኛው፣ የቀኙ ታችኛ ክፍል ጡንቻ መወፈር፣ የሚመጣው ከወሊድ በኋላ ነው። ከወሊድ በፊት የግራውና የቀኙ ክፍል ግፊት ከሞላ ጎደል እኩል ስለሆነ አራቱን ክፍሎች ብቻ ያየ ሰው ምንም ሳይጠረጥር ማለፉ አያስገርምም። በቶፍ ዋናው ነገር ያለው ከልብ በሚወጡት ሁለት ቧንቧዎች ላይ ነው፤ እነሱ ካልታዩ «ልቡ ደህና ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግማሽ ነው።

በዚያን ቀን፣ በ23ኛው ሳምንት፣ የአኦርታው ቫልቭ (የቧንቧው በር) 4.8 ሚሊ ሜትር፣ የሳንባው 3.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለካሁት። የሁለቱ ንጽጽር፣ የሳንባው ለአኦርታው ሲካፈል፣ 0.75 ነው። ሁለቱን ቧንቧዎች የሚያገናኘው ዳክተስ የሚባለው አጭር ማቋረጫም ደሙን በወጉ ከሳንባው ቧንቧ ወደ አኦርታው ያሻግር ነበር። እናትየው ጄሉን ከሆዷ በሶፍት እየጠረገች «ይራገጣል እኮ ዶክተር፤ ሌሊት አያስተኛኝም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ፅንስ በሳንባው አይተነፍስም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ በእንግዴ ልጁ በኩል ስለሆነ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ ቢጠብም አይጨነቅም፣ ክብደቱም አይቀንስም፣ እንቅስቃሴውም አይደክምም። በዚህ ምክንያት እናት የሚሰማት ነገር ስለ ጉድለቱ መባባስ አንዳች አይናገርም።

ባለቤቷ ከውጭ ገብቶ የጠየቀኝ ጥያቄ ከባድ ነበር፤ እርግዝናው ይቀጥል ወይስ አይቀጥል የሚል ነበር። የወንጀል ሕጋችን ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት ማቋረጥን ይፈቅዳል። ቶፍ ግን በቀዶ ጥገና የሚታረም ስለሆነ፣ በጊዜው ከታረመላቸው ልጆችም እጅግ አብዛኞቹ ለአዋቂነት ስለሚደርሱ፣ እዚያ ውስጥ እንደማልመድበው ነገርኩት። እስከዚህ ድረስ የተናገርኩትን ዛሬም አልመልስም። የምጸጸትበት ቀጥሎ ያልኩት ነው፤ «ደግሞ ቀላሉ ዓይነት ነው፤ ሲወለድ ምንም አይሆንም፣ ቀዶ ጥገናው ከወራት በኋላ ይደርሳል፤ ከፈለጋችሁ እዚሁ አቅራቢያችሁ መውለድ ትችላላችሁ» አልኳቸው። ይህን ያልኩት አንድ ጊዜ ለክቼ ነው።

በ28ኛው ሳምንት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ስትመጣ ስሕተቴን ደገምኩት። የሳንባው ቫልቭ 3.6 የነበረው 4.2 ሆኗል። በካርዷ ላይ «እድገት አለ» ብዬ ጽፌ አሰናበትኳት። በዚያው ቀን አኦርታው ከ4.8 ወደ 6.2 መድረሱን ለክቼ መዝግቤ ነበር፤ ሁለቱን ቁጥሮች ግን አንዱን ለሌላው አላካፈልኳቸውም። ማታ ምስሎቹን በቴሌግራም የላኩለት የሕፃናት ልብ ሐኪም ጓደኛዬ የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ቧንቧው አድጓል፤ ፅንሱ ግን ከቧንቧው በልጦ አድጓል።» ንጽጽሩ ከ0.75 ወደ 0.68 ወርዶ ነበር።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማስረዳት ተገቢ ነው፤ ስለ መጪው የምንናገረው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና። የፅንስ ደም ቧንቧ የሚሰፋው ደም ሲያልፍበት ነው። በቶፍ ከሳንባው ቫልቭ በታች ያለው መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ከቀኝ ክፍል የሚወጣው ደም የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል፤ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ አኦርታው ይገባል። አኦርታው የሁለቱንም ክፍል ደም ስለሚቀበል ከልክ በላይ ይሰፋል፤ የሳንባው ቧንቧ ደግሞ ደም እያነሰው እድገቱ ይዘገያል፤ በመዘግየቱም የሚያልፍበት ደም ይበልጥ ያንሳል። መስኖ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ያለ ሐኪም ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ውኃው አንዴ ወደ ሰፊው ቦይ ካደላ ጠባቡ ቦይ በደለል መሞላቱ አይቀርም። ሆኖም የመዘግየቱ ፍጥነት ከፅንስ ፅንስ ይለያያል። በአንዳንዱ ንጽጽሩ እስከ ወሊድ ሳይለወጥ ይዘልቃል፣ በአንዳንዱ በአሥር ሳምንት ውስጥ ያሽቆለቁላል፣ በጥቂቶቹም ቧንቧው ጨርሶ ይዘጋል። በ23ኛው ሳምንት አንድ ጊዜ የተነሣ ምስል ፅንሱ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሊለይ አይችልም።

የ32ኛው ሳምንት ቀጠሮ በሰኔ አጋማሽ ነበር። አልመጣችም። ፍቼ የአጎቷ ለቅሶ ደርሶባት ሄዳ እዚያው ሰነበተች፤ ይህንንም ያወቅነው ስልክ ደውለን ሳይሆን ስትመለስ ነግራን ነው። «ቀላል ነው» ተብላ የሄደች ሴት ለቅሶ ትታ ወደ ቀጠሮ እንድትሮጥ መጠበቅ አይገባኝም ነበር።

በ34ኛው ሳምንት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ መጣች። አማቷም አብረዋት ነበሩ። አኦርታው 8.0፣ የሳንባው ቫልቭ 4.5፣ ንጽጽሩ 0.56። በአምስት ሳምንት 0.6 አድጎ የነበረው ቫልቭ ቀጥሎ በነበሩት ስድስት ሳምንታት የጨመረው 0.3 ብቻ ነው። ከዚያ የደምን ፍሰት አቅጣጫ በቀለም የሚያሳየውን ዶፕለር ዳክተሱ ላይ አደረግሁት። ባለፉት ሁለት ጊዜያት አንድ ወጥ ሰማያዊ የነበረው ቀለም አሁን ከሰማያዊው መሀል ቀይ ብልጭ እያለ ተመልሶ ይጠፋል። የቀለም መገለባበጥ ደሙ ከመሣሪያው መለኪያ በላይ ሲፈጥንም ሊመጣ ስለሚችል መለኪያውን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፤ ቀዩ አልጠፋም። በሞገድ መልክ ሳየው ከመስመሩ በላይና በታች እየተፈራረቀ ይወጣል። ይህ ማለት በእያንዳንዱ የልብ ምት ከፊሉ ደም ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ሲሄድ ከፊሉ ከአኦርታው ወደ ሳንባው ቧንቧ እየተመለሰ ነው። ልብ በራሱ መንገድ ለሳንባው የሚያደርሰው ደም መጉደል ጀምሯል፤ ጉድለቱን እየሞላ ያለው ዳክተሱ ነው። ዳክተሱ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት የሚዘጋ ቧንቧ ነው።

ለእናትየው አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰምታኝ ስታበቃ «ያኔ ቀላል ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አለች። «ብዬ ነበር፤ መቸኮሌ ነው፤ ተሳስቻለሁ» አልኳት። አማቷ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ልጄ፣ እግዜር የዘጋውን ሰው ይከፍታል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «እናቴ፣ ለጊዜው እንዳይዘጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፤ መድኃኒቱ ያለበት ቦታ መውለድ አለባት» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ስለ መንገዱ ብቻ ነበር።

ንጽጽሩ ከ0.6 ሲወርድ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርዳታ ሊያስፈልገው እንደሚችል ብዙ የልብ ሐኪሞች ይስማማሉ። ይህ ቁጥር ግን ከሚገባው በላይ የሚጠራጠር ቁጥር ነው፤ እርዳታ የሚሹትን አብዛኞቹን ይይዛል፣ አብረውም የማይሹ ብዙዎች ይያዛሉ። የዳክተሱ ፍሰት ሙሉ በሙሉ ቢገለበጥ ኖሮ ጥርጣሬው ይቀንስ ነበር። የእኛ ፅንስ መሀል ላይ ነበረች። ስለዚህ ለቤተሰቡ የነገርኩት ሁለት መንገድ ነው፦ መድኃኒቱ ሊያስፈልጋት ይችላል፣ ላያስፈልጋትም ይችላል፣ የምንዘጋጀው ግን እንደሚያስፈልጋት አድርገን ነው። ከቶፍ ጋር አብረው የሚመጡ ሌሎች ነገሮችንም ፈልገናል። ከቶፍ ሕሙማን 15 ከመቶ ያህሉ በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ጉድለት አላቸው። ምርመራውን ማሠራት ስላልተቻለ በተዘዋዋሪ የሚጠቁሙትን ተመለከትን፤ ታይመስ የተባለው ዕጢ በቦታው ነበር፣ ኩላሊቶቹም ደህና ናቸው።

በዚያ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ማሕፀን ውስጥ የማታክመውን ነገር አስቀድመህ ማወቅህ ምን ይጠቅማታል? ጭንቀት ነው የጨመርክላት» አለኝ። ጥያቄው ንቀት የለበትም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው አስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የለንደን ሐኪሞች የፅንስን የአኦርታ ቫልቭ በመርፌና በፊኛ ለመክፈት መሞከራቸውን ከዘገቡ ወዲህ፣ ቅድመ ወሊድ ትንበያ ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ያ ነው። እዚያ ትንበያው የሚጠቅመው ጠባብ የሆነው የአኦርታ ቫልቭ የልቡን ግራ ክፍል ሙሉ በሙሉ እንዳያቀጭጭ አስቀድሞ ጣልቃ ለመግባት ነው። ለቶፍ እንዲህ ያለ ሕክምና በየትም አገር የተለመደ አይደለም። ባልደረባዬ ያላስተዋለው፣ ከሱሉልታ ተነሥቶ በክረምት ጭጋግ እንጦጦን ወርዶ ጽኑ ሕክምና ክፍል መድረስ ለጤነኛ ሰው እንኳ ሰዓት የማይታወቅለት ጉዞ መሆኑን ነው። ዳክተሷ እየተዘጋ ያለች ጨቅላን በዚያ መንገድ ከመላክ እናቷን ቀድሞ ማውረድ ይቀላል።

ስለዚህ በ36ኛው ሳምንት አኦርታው 8.6፣ ቫልቩ 4.6፣ ንጽጽሩ 0.53 ሆኖ ከለካን በኋላ ዕቅዱ ተጻፈ። እናትየው ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ አዲሱ ገበያ ዘመዶቿ ዘንድ ትቀመጣለች፤ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ባለው ሆስፒታል ትወልዳለች፤ ምጡ በራሱ ከመጣ በተፈጥሮ መንገድ ትወልዳለች፤ የፅንሱ ልብ ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም። የቀረው መድኃኒቱ ነበር። ፕሮስታግላንዲን ኢ1 ዳክተሱን ክፍት አድርጎ ያቆያል፤ ነገር ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፣ የጨቅላውን ትንፋሽም ሊያስቆም ስለሚችል የመተንፈሻ እርዳታ በሌለበት አይሰጥም። ሆስፒታሉ በዚያ ወር መድኃኒቱ አልነበረውም። አባትየው የወተት መኪናውን አቁሞ ሦስት ቀን በየፋርማሲው ሲዞር ቆይቶ አራት አምፑል አገኘ፤ ለወተት ናሙና የሚጠቀሙበትን የበረዶ ሳጥን ይዞ ሄዶ አመጣው። የሆስፒታሉ ነርስ ተረክባ ፍሪጅ ውስጥ ስታስገባው በሳጥኑ ላይ የእናትየውን ስም በፕላስተር ለጠፈችበት።

ምጥ የመጣው በፍልሰታ ጾም፣ ነሐሴ 5፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ሴት ልጅ፣ 2.9 ኪሎ፣ ወዲያው አለቀሰች። በመጀመሪያው ሰዓት በቀኝ እጇ የተለካው የኦክስጅን መጠን 86 ከመቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የጨቅላ ማጣሪያ 95ንና ከዚያ በላይን እንደ ደህና ይወስዳል፤ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ጤነኛ ጨቅላም አንዳንዴ ከዚያ ዝቅ ስለሚል ቁጥሩን ብቻውን ከመመልከት ይልቅ በየሰዓቱ መጻፍ መርጠናል። በ12ኛው ሰዓት 85 ነበር፤ በ24ኛው 80። በ30ኛው ሰዓት ጡት እየጠባች 73 ደረሰች፣ ከንፈሯም ጠቆረ። የልብ ሐኪሙ ጓደኛዬ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲያደርግላት ዳክተሱ ክር አክሎ ነበር። መድኃኒቱ በዝቅተኛ መጠን ተጀመረላት፤ በነጋታው 87 ሆነች። አንድ ጊዜ ትንፋሿ ቆም ብሎ ነርሷ እግሯን ስትነካካት ተመለሰ፤ ከዚያ አልደገማትም።

በአምስተኛው ቀን መድኃኒቱ ለሙከራ ቆመ። ዳክተሱ ተዘጋ። እኔ እንደገና እንደምትወርድ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እሷ ግን በ78ና በ80 መካከል ረግታ ቀረች። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት የሳንባው የውስጥ ግፊት እየቀነሰ ሲሄድ በጠባቡ ቫልቭ የሚያልፈው ደም ለጊዜው በቂ ሆኖ እንደተገኘ ጓደኛዬ ይገምታል። እንግዲህ ትንበያችን በከፊል ትክክል፣ በከፊል ስሕተት ነበር ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ሊያስፈልጋት ይችላል ብለን አስፈለጋት፣ ሲቆም ትወርዳለች ብዬ ያመንኩት ግን አልሆነም። ከአራቱ አምፑል የቀረው ለክፍሉ ተሰጠ። የክሮሞዞሙን ጉድለት ሊጠቁም የሚችለው፣ በደሟ ያለው ካልሲየም፣ ደህና ነበር፤ በ11ኛው ቀን ወደ ቤቷ ሄደች።

ከመሄዳቸው በፊት ነርሷ ለእናትየውና ለአማቷ በአሻንጉሊት ያሳየቻቸው ነገር ነበር፤ ልጅቷ አልቅሳ ከጠቆረች ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ አጥፎ መያዝ። ይህ ወደ እግር የሚሄደውን ደም ገታ አድርጎ ወደ ሳንባው የሚሄደውን ይጨምራል። በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ይህ ደረሰ። ሰውነቷ ሲታጠብ አለቀሰች፣ ጠቆረች፣ ዓይኗም ተንከራተተ። እናትየው በድንጋጤ ቆማ ቀረች፤ ጉልበቷን ያጠፉት አማቷ ናቸው። በደቂቃዎች ውስጥ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ይህ እንዳይደገም የሚረዳውን ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት ትወስዳለች፣ አልደገማትም።

አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ 6.4 ኪሎ ትመዝናለች፣ ድጋፍ ሲደረግላት ትቀመጣለች፣ ኦክስጅኗ 79 ነው። ለሙሉ ማረሚያው ቀዶ ጥገና ተመዝግባለች። በ2001 ዓ.ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል ለረጅም ጊዜ ከውጭ በሚመጡ የሐኪም ቡድኖች ጭምር ሲሠራ የቆየ ነው፤ በአገራችን ተራ የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ቀኗም አልታወቀም። ቶፍ ካልታረመላቸው ሕፃናት ሢሶው ያህል የመጀመሪያ ዓመታቸውን እንደማያልፉ ለአባትየው ነግሬዋለሁ፤ አልሸሸግሁትም፣ «ቀላል ነው»ም አላልኩትም። ወተት የሚመዘግብበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ አራቱን የፅንስ ልኬቶችና ከወሊድ በኋላ ያሉትን ጽፎ ይዟቸዋል፤ በእያንዳንዱ ቀጠሮ እኔ ካርዷን ሳልገልጥ እሱ ደብተሩን ይገልጣል፣ የሳንባውን ቫልቭ ለአኦርታው አካፍሎ ውጤቱን በእርሳስ ይጽፋል። የሚቀጥለው ቀጠሮ በግንቦት ነው።